ጊታር የትውልድ ወረቀት አይጠየቅም
ስለ ‹‹ኤርታሌ›› አልበምና ስለ አቀባበሉ

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ለሕዝብ በሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው የኬላ ጠባቂ ጥያቄ ነው፤ ከወዴት መጣህ፣ የማን ወገን ነህ፣ ወረቀትህን አሳይ ይላል። ሁለተኛው የሐያሲ ጥያቄ ነው፤ ምን ልትል መጣህ፣ ያልከውንስ በወጉ ብለኸዋል ወይ ይላል። በኢትዮጵያ የሙዚቃ ዓለም የመጀመሪያው ጥያቄ ጠያቂ አጥቶ አያውቅም፤ የሁለተኛው ጠያቂዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ መዛባት ያስከተለው ጉዳት በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ የጃኖ ባንድ ‹‹ኤርታሌ›› አልበም ነው።

ጃኖ በአዲስ ገሠሠ አሰባሳቢነት በአዲስ አበባ የተቋቋመ የሮክ ባንድ ነው። ‹‹ኤርታሌ›› የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ባንዱ ስሙን የወሰደው ቀይ ጥለት ካለው የጥንት የክብር ልብስ፣ አልበሙ ደግሞ በአፋር ምድር ሌት ተቀን ከሚንተከተከው እሳተ ገሞራ ነው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያን ከፊት ቆመው በአማርኛ ይዘፍናሉ፤ ከኋላቸው ኤሌክትሪክ ጊታር ያጉረመርማል፤ ቤዙ፣ ኪቦርዱና ድራሙ ይከተላሉ። በጥብቅ መለኪያ ከተለካ አልበሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄቪ ሜታል አይደለም፤ ወደ ከባዱ ወገን ያዘነበለ ሮክ ነው ቢባል ይበልጥ ይስማማዋል። ሆኖም የሄቪ ሜታልን የጊታር ነጎድጓድ በአገር ቋንቋና በአገር ዜማ ለሰፊው አድማጭ ያቀረበ ሥራ በመሆኑ የክርክሩ ዒላማ መሆኑ አያስገርምም።

በክርክሩ ውስጥ ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ወገን ‹‹ይህ ጩኸት የእኛ አይደለም›› ይላል። ሮክ የምዕራብ ወጣቶች እብደት ነው፤ የተለቀቀው ጸጉር፣ የቆዳው ልብስና የሚሰነጠቀው የጊታር ድምፅ ከኢትዮጵያዊ ጨዋነት ጋር አይሄድም ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን በተቃራኒው ‹‹እሰይ፣ ሙዚቃችን የዓለም ደረጃ ደረሰ›› ብሎ ያጨበጭባል፤ ማስረጃው ምንድን ነው ሲባልም የፈረንጁን ፕሮዲዩሰር ስም ይጠራል። እነዚህ ወገኖች ተቃራኒዎች ይምሰሉ እንጂ የቆሙት በአንድ ኬላ ላይ ነው። አንደኛው የውጭ ማኅተም ስላየ ይከለክላል፤ ሌላኛው ያንኑ ማኅተም ስላየ ያሳልፋል። ሻንጣውን ከፍቶ ውስጡን ያየ የለም።

በመጀመሪያ ‹‹የእኛ አይደለም›› የሚለውን ክርክር መመርመር ይገባል። ዛሬ የእኛ ተብሎ የሚጠራው ሙዚቃ በየትኛው መንገድ የእኛ ሆነ? የነሐስ መለከቶች ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገቡት ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በመጣ ስጦታ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ በታሪክ ‹‹አርባ ልጆች›› ተብለው የሚታወቁት የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሳክስፎኑን፣ ትራምፔቱንና ኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዘው ተነሡ። ጥላሁን ገሠሠ የዘፈነው ከእነዚህ መሣሪያዎች ፊት ቆሞ ነው። ዛሬ በጥላሁን ዘፈን ውስጥ ሳክስፎን በመሰማቱ ‹‹ይህ የእኛ አይደለም›› የሚል አድማጭ ቢነሣ መሳቂያ ይሆናል።

የባህል ሙዚቃ የሚባለውስ ቢሆን? ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ በአንድ መድረክ ተሰልፈው፣ በአንድ መሪ ተመርተው፣ ለተቀመጠ ተመልካች የሚጫወቱበት ሥርዓት ከጥንት የወረደ የሚመስለው ብዙ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ከቤት ቤት ሲዞር፣ እረኛው በዋሽንቱ ከብቱን ሲጠብቅ፣ አረጋዊው በዐቢይ ጾም በገናውን ሲደረድር፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ስፍራና ሰዓት ነበረው። እነዚህን መሣሪያዎች አሰባስቦ ‹‹ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ›› የተባለውን ቡድን በ1963 በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ያቋቋመው ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነው፤ ኋላም በተስፋዬ ለማ መሪነት ጎለመሰ። እንግዲህ በየባህል ማእከሉ ‹‹ንጹሕ ባህል›› ተብሎ የሚቀርበው የመድረክ አደረጃጀት ራሱ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው ማለት ነው። ይህን ማለት ሥራውን ማቃለል አይደለም። ድፍረት የተሞላበት መልካም ፈጠራ ነበር፤ በመልካምነቱም ባህል ሆነ። ሕጉ ይህ ከሆነ ግን ሕጉ ለጃኖም ይሠራል።

የሞራል ክሱም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በ1985 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ስለ ሮክና ሄቪ ሜታል ግጥሞች ምስክር አስቀርቦ ሰምቷል፤ የወላጆች ማኅበር ከሳሽ፣ ሙዚቀኞች ተከሳሽ ሆነው ቀርበዋል። ውጤቱ በአልበሞች ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሮክን ‹‹የምዕራብ ባህል ነው›› ብሎ የሚያወግዝ ሰው ውግዘቱም ጭምር ከዚያው ከምዕራብ የመጣ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ከታሪኩ ይልቅ የሚከብደው ማስረጃ ግን በድምፁ ውስጥ ያለው ነው። ሄቪ ሜታል በ1970 በእንግሊዝ አገር በፋብሪካ ከተማዋ በበርሚንግሃም ብላክ ሳባዝ በተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበም መልክ እንደያዘ በሰፊው ይታመናል። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ የብረት ቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን ተቆርጦ ነበር፤ ለቆሰሉት ጣቶቹ እንዲቀልለው ኋላ ጅማቶቹን አላላ፤ ድምፁም ወረደ፣ ከበደም። ይህ ከባድ ድምፅ ሦስት ነገሮች አሉበት፤ የሚነዝርና የሚያጉረመርም ጅማት፣ ጆሮን የሚወጋ የድምፅ ርቀት፣ እንደ ዛቻ የሚወጣ ቃል።

ከሦስቱ ለአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ ባዕድ የሚሆን የለም። የበገና አሥር ጅማቶች የሚነዝሩት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ በጅማቱና በመቀመጫው መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ ቆዳ ጥሩውን ድምፅ ሆን ብሎ ያሻክረዋል። ኤሌክትሪክ ጊታር በማጉያው ኃይል የሚያገኘውን ሻካራነት የበገና ሠሪ በእንዝራ አግኝቶታል፤ የጸሎት ድምፅም አድርጎታል። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ በግማሽ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ በአንቺሆዬ ደግሞ ከመነሻው ስድስት ግማሽ እርምጃ የሚርቅ ድምፅ አለ። ይህ ርቀት ብላክ ሳባዝ ስሙን በሰጠው ዘፈን ላይ የፍርሃት ስሜት ለመፍጠር የተጠቀመበት ያው ርቀት ነው። በተጨማሪም የሜታል ጊታር ብዙ ጊዜ የሚመታው ሁለት ድምፅ ብቻ ያለው ኮርድ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘውን ሦስተኛ ድምፅ ይተዋል፤ ስለዚህ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት በላዩ ሲረማመድበት አይጋጭም። የፒያኖ ኮርድ ለትዝታና ለባቲ ከሚመቸው ይልቅ ይህ ባዶ ኮርድ ይበልጥ ይመቻቸዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሦስተኛው ነገር ሽለላና ፉከራ ነው። በጎጃም ምድር ቀረርቶ የማያውቅ ጆሮ የለም። ሸላዩ ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ፣ ጉሮሮውን አሻክሮ፣ ቃሉን እየሰበረ ሲያቅራራ በዳሱ ያለው ሁሉ ጸጉሩ ይቆማል። ሄቪ ሜታል ለዓለም አቀርባለሁ ያለው የቁጣና የጀግንነት ድምፅ እዚህ በሠርግና በሐዘን ላይ ሲሰማ ኖሯል። ይህን ከማንም በፊት ያስተዋለው ታላቁ የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ቧንቧ ውስጥ አስገባ። ዕድሜው ሰባ ሲያልፍ ደግሞ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ተገናኝቶ ‹‹ሞዓ አንበሳ›› የተባለውን አልበም በ2006 አወጣ። ጊታራቸው የሚጮኸው አውሮፓውያንና ፎካሪው ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ የተግባቡት አንዱ ሌላውን ስለመሰለ አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ድምፅ እስከ ጥግ ስለ ገፉት ነው። ከጃኖ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ መንገዱ በአንድ አዛውንት ተጠርጎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ አጨብጫቢው ወገን መዞር ተገቢ ነው። ቢል ላስዌል ተራ ሰው አይደለም፤ በ1986 የእንግሊዙን የከባድ ሮክ ባንድ የሞተርሄድን አልበም ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዱ ነው። በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ በስሟ የተሰየመ አልበም ሠርቷል። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። በዚያ አልበም ላይ አድማጭ ልቡ የተነካው በኒውዮርክ ስቱዲዮ ጥራት ነው ወይስ ከቻግኒ በመጣው ድምፅ? መልሱን ለመስጠት ሐያሲ መሆን አያስፈልግም። የውጭ ባለሙያ ያለውን ድምፅ አጥርቶ ማውጣት ይችላል፤ የሌለውን መፍጠር ግን አይችልም። ስለዚህ ‹‹ላስዌል ሠራው›› የሚለው ሙገሳ ለጃኖ ልጆች ስድብ ነው። ሥራቸው ሳይመዘን ፊርማው ብቻ ይመዘናልና።

የሥራው ምዘናስ ምን ይመስላል? ‹‹ኤርታሌ›› ጠንካራ ጎኑ ድምፃውያኑ ናቸው። አራት ድምፅ ተቀባብሎና ተደራርቦ በአገር ቅኝት ሲወጣ፣ ጊታሩም ያንኑ ቅኝት ይዞ ሲመልስ፣ ሮክና አማርኛ እንደ ባልና ሚስት ሳይሆን እንደ እኅትና ወንድም ይመሳሰላሉ። አልበሙ ከዚህ ከፍታ በሚወርድባቸው ቦታዎች ጊታሩ ጌጥ ይሆናል፤ የተለመደ ዘፈን በተለመደ አካሄድ ይሄድና መካከል ላይ የጊታር ነጎድጓድ ይገባል፤ ነጎድጓዱ ሲያልፍ ዘፈኑ ምንም እንዳልሆነ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ምቱም ሊጠየቅ ይገባዋል። የጭክጭካው ስድስት ምት ትከሻን ይወዘውዛል፤ የሮኩ አራት ምት መሬት ይረግጣል። ሁለቱን ማዋሐድ የዚህ ዓይነት ሙዚቃ ዋና ፈተና ነው፤ አልበሙም ፈተናውን ሁልጊዜ ደፍሮ አይጋፈጠውም። ከሁሉ በላይ ይዘትና ቅርፅ መመጣጠን አለባቸው። ከባድ ድምፅ ከባድ ቃል ይፈልጋል። የበርሚንግሃሞቹ ወጣቶች ስለ ጦርነትና ስለ ሞት የዘፈኑት ድምፃቸው ያንን ስለጠየቃቸው ነው። በእሳተ ገሞራ ስም የተሰየመ አልበም በግጥሙም ውስጥ የስሙን ያህል እሳት እንዲያነድ ይጠበቃል፤ በዚህ በኩል ‹‹ኤርታሌ›› ጊታሩ ከቃሉ የቀደመበት ሥራ ነው።

ይህን የመሰለ ሂስ ሥራውን አይገድለውም፤ ያሳድገዋል እንጂ። ጃኖ ሁለተኛ አልበሙን ‹‹ለራስህ ነው››ን ያወጣው በ2018 ነው። በሁለቱ አልበሞች መካከል ስድስት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ባንዱ ‹‹ጩኸት›› እና ‹‹እሰይ›› ከሚሉት ቃላት የበለጠ ይገባው ነበር፤ የትኛው ዘፈን ለምን እንደቆመ፣ የትኛው ለምን እንደወደቀ የሚነግረው ጆሮ ያስፈልገው ነበር።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የቅርብ ታሪክ ይመሰክራል። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ይህን ጥሶ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሳተማቸው ሥራዎች ዛሬ ‹‹ወርቃማው ዘመን›› የሚባለው ሙዚቃ እምብርት ሆኑ። ወርቅነታቸውን ለዓለም የነገረው ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚል ተከታታይ አልበም እየሰበሰበ አወጣቸው። ዛምቢያም እንዲሁ ሆነ። በ1970ዎቹ ዊች የተባለውንና መሰሎቹን የሮክ ባንዶች አፍርታ ነበር፤ ሙዚቃው ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ ኖሮ፣ ከአሠርት ዓመታት በኋላ የውጭ አሳታሚዎች ሸክላዎቹን እንደ አዲስ ሲያወጧቸው ዓለም ተደነቀ። የራሱን ሐያሲ ያላፈራ አገር ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ ያጣል፤ መጀመሪያ ሲሠራ ሳይሰማው ሲቀር፣ ቀጥሎም ዋጋውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። መሸንቲን የመሰለች ከተማ ብትታይ ግን አሳሳቢነቱ ይበልጥ ይገለጣል። መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር የምትቆጠር ትንሽ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ሙዚቃ በሦስት በር ይገባል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዜማ፣ በአዝማሪው ማሲንቆ፣ በመንገዱ በሚያልፈው ሚኒባስ ድምፅ ማጉያ። ዜማውን ደብተራው ይጠብቀዋል፤ ማሲንቆውን ሠርጉ ያኖረዋል። በሦስተኛው በር የገባውን ማን ያስተምረዋል? ሚኒባሱ ያመጣውን ጊታር ሰምቶ ልቡ የተነሣ ወጣት በኪነት ቡድን ውድድር ላይ ‹‹ባህላዊ›› ወይም ‹‹ዘመናዊ›› ከሚለው ሣጥን በአንዱ መግባት ይጠበቅበታል። ባህላዊ ካለ እስክስታው በታወቀ ተራ፣ በታወቀ ልብስ ይቀርባል፤ ዘመናዊ ካለ ኪቦርድ ላይ በተቀዳ ምት የታወቀ ዘፈን ይደግማል። ቀረርቶን በጊታር ልሞክር ቢል የሚገባበት ሣጥን የለም። ጊታሩን ራሱ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢያገኝም የሚለማመድበት ክፍል፣ ማጉያ፣ የማይቋረጥ መብራት ያሻዋል። ይህ ሁሉ ችግር ግን በሥራና በገንዘብ ይቃለላል። በገንዘብ የማይቃለለው ‹‹ይህ የእኛ አይደለም›› የሚለው ፍርድ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ገና መሣሪያውን ሳይነካ ፍርዱ በልቡ ገብቶ ይቀመጣልና።

ስለዚህ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። የባህል ሥራ ኃላፊው ‹‹ባህላዊ›› እና ‹‹ዘመናዊ›› የሚለውን ሣጥን ሰብሮ ለአዲስ ሙከራ የሚሆን መድረክ ይክፈት፤ ባሕር ዳርን ለመሰለች የጣና ዳር ከተማ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። የሙዚቃ መምህሩ አራቱን ቅኝቶች በክራር ካስተማረ በኋላ እነዚያኑ ቅኝቶች በጊታር ላይ ያሳይ፤ ተማሪው አንቺሆዬን በሚያጉረመርም ጅማት ሲሰማ ቅኝቱን ይበልጥ ይወደው እንደሆነ እንጂ አይረሳውም። አዝማሪውና ሸላዩ ወደ ልምምድ ክፍሉ ይጋበዙ፤ የጊታር ተጫዋቹ ቀረርቶን ከሸላዩ አፍ ይማር። ጋዜጠኛውና ሐያሲው ደግሞ አልበም በወጣ ቁጥር ከሽፋኑ አልፈው ዘፈን በዘፈን ያዳምጡ፤ ምቱን ይቁጠሩ፤ ቅኝቱን ይለዩ፤ ቃሉን ይመርምሩ፤ ከዚያ ያለ ይሉኝታ ይናገሩ።

ወደፊት ከጣና ዳር ፉከራን ከማጉያ ጋር ያጋባ ባንድ ይነሣ ይሆናል። በተነሣ ጊዜ ከጃኖ የሚማረው ብዙ ነገር አለ፤ ድፍረቱን፣ የአራቱን ድምፅ ኅብር፣ እንዲሁም ጊታሩ ከቃሉ የቀደመበትን ስሕተት። እነዚህን በጽሑፍ አስፍሮ ማቆየት ዛሬ ያለው ሐያሲ ግዴታ ነው። ይህ ሳይሆን ቢቀር ያ ባንድ እንደገና በኬላው በር ላይ ቆሞ የትውልድ ወረቀቱን ሲጠየቅ ይውላል፤ ዘፈኑን የሚሰማው ግን አይኖርም።